የ3,800 ብሩን «ፕሮባዮቲክ» ሴረም በግማሽ ፊቴ ላይ ለ8 ሳምንት ሞከርኩት

ሴረሙን የገዛሁት ቴሌግራም ላይ ከምትሸጥ ልጅ ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር በ3,800 ብር፣ ቦሌ ድረስ ሄጄ ተረከብኳት። ብራንዱን እዚ አልጠራም፣ ምክንያቱም የማወራው የአንድ ብራንድ ጉዳይ አደለም፣ «ፕሮባዮቲክ» ተብሎ ሚሸጠው የፊት ክሬምና ሴረም አብዛኛው ጀርባው ላይ የተጻፈው ነገር ተመሳሳይ ነው፣ አንዱን ማንበብ ከቻላችሁ ሌላውንም ታነቡታላችሁ። ልጅቷ ስታስረክበኝ «ውዴ ይሄ እኮ ሕይወት ያለው ጥሩ ባክቴሪያ ነው፣ የብጉሩን ባክቴሪያ ከፊትሽ ላይ ያጠፋልሻል፣ ከሱ ውጪ ምንም አትቀቢ» አለችኝ። ክፋት ኖሯት አደለም፣ እሷም የተነገራትን ነው የነገረችኝ። ግን ሶስቱም ነገር ስህተት ነው፣ እና ብጉር ያለበት ሰው ይሄን ሰምቶ መድኃኒቱን ጥሎ ሶስት ወር ቢቆይ ሚተርፈው ጠባሳ ነው፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ ይሄን ሁሉ ምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ፊቴ ልንገራችሁ፣ ከናንተ ጋር እንድታስተያዩት። 27 አመቴ ነው፣ ብጉር ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ አለብኝ፣ ፊቴ ወዛም ነው በተለይ ግንባሬና አፍንጫዬ፣ ከሰአት ላይ ሶፍት ባሳርፍበት ወዙ ያረጥበዋል። እኔን ሚያስለቅሰኝ ግን ብጉሩ ራሱ ሳይሆን ጥሎት ሚሄደው ጥቁር ነጥብ ነው፣ ጠይም ሰው ላይ አንዷ ብጉር በሳምንቷ ትጠፋለች፣ ጥቁሯ ግን አራት አምስት ወር ትቀመጣለች። እሱን ለማጥፋት ያላደረኩት የለም። ሎሚ ቀብቻለሁ፣ የጥርስ ሳሙና ለጥፌ አድሬያለሁ፣ በቀን አራት ጊዜ በሳሙና ፈትጌ ታጥቤያለሁ። 19 አመቴ ላይ ደሞ ከአንድ ሱቅ ምንም ጽሑፍ የሌላት ትንሽ ብልቃጥ ክሬም ገዛሁና በሳምንት ውስጥ ፊቴ ጥርት አለ፣ ሰው ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሳቆመው በአስር ቀን ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ወጣ፣ ያቃጥለኛል፣ ፀሐይ ላይ መቆም አልችልም። ሐኪም ጋ ስሄድ ስቴሮይድ ያለበት ነው የተቀባሽው አለችኝ። ስቴሮይድ እብጠቱን ቶሎ ስለሚያስታግስ የሰራ ይመስላል፣ እየቆየ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉርም ራሱ ያመጣል። ከዛ በኋላ ነው ጀርባውን ሳላነብ ፊቴ ላይ ምንም ነገር ላለማድረግ የወሰንኩት።

ስለዚ ሴረሙን ይዤ ቤት እንደገባሁ መስኮት ጋ ቆሜ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አነበብኩት። ውሃ፣ ቢፊዳ ፈርመንት ላይሴት፣ ግሊሰሪን፣ ናያሲናማይድ፣ ላክቶባሲለስ ፈርመንት፣ ፓንቴኖል እያለ ይወርድና ታች አካባቢ ፌኖክሲኤታኖል ይላል። እዚ ውስጥ ሁለት ቃል ያዙልኝ። «ላይሴት» ማለት ባክቴሪያው ሽፋኑ ፈርሶ ውስጡ ያለው የወጣ ማለት ነው፣ በአጭሩ የሞተ ባክቴሪያ ስብርባሪ። «ፌኖክሲኤታኖል» ደሞ ፕረዘርቫቲቭ ነው፣ ስራው ጠርሙሱ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ መከልከል ነው። ታዲያ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አለው ሚባለው የቱ ጋ ነው? እንደውም ለኮስሞቲክስ የወጣው አለም አቀፍ ስታንዳርድ አይኤስኦ 17516 ለአዋቂ ቆዳ ሚሆን ምርት ውስጥ በአንድ ግራም ከ1,000 በላይ ሕያው ጀርም መኖር የለበትም ነው ሚለው፣ እርጎ ውስጥ ግን በግራም ሚሊዮኖች ናቸው ያሉት። የዓለም ጤና ድርጅትና የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት ፋኦ እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሮባዮቲክን ሲተረጉሙም በቂ መጠን ያለው፣ ሕይወት ያለው፣ ለተጠቃሚው ጥቅም ሚሰጥ ብለው ነው። በዚ ትርጉም ከሄድን እጄ ላይ የነበረው ጠርሙስ ፕሮባዮቲክ አደለም ማለት ነው። ይሄ ደሞ የርካሽ እቃ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ ቢፊዳ ፈርመንት ላይሴት የላንኮምም የኤስቴ ላውደርም ታዋቂ ሴረሞች ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ እማዬ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆሜ ነው። ሊጡ ቡሆቃው ውስጥ ኩፍ ብሏል፣ ትንሽ ትንሽ አረፋ እያወጣ ይተነፍሳል፣ ለሚቀጥለው ሚሆነውን እርሾ በጣሳ ለብቻው አስቀምጣለች። ያ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አዲስ ሊጥ ላይ ብትጨምሩት ያቦካዋል። አሁን ከምጣዱ የወጣውን እንጀራ ቆራርሳችሁ ሊጥ ውስጥ ብትከቱት ግን አያቦካላችሁም፣ እሳቱ ላይ አልቋል። እንጀራው ላይ ሚቀረው እርሾው ሰርቶት የሄደው ነገር ነው፣ ኮምጠጥ ማለቱ፣ አይኑ፣ ለሆድ መስማማቱ። ሴረሙም እንጀራው ነው እንጂ እርሾው አደለም። ለእማዬ ይሄን ሳስረዳት አክንባሎውን እያነሳች «ታዲያ ለምንድነው እርሾ ነው ብለው ሚሸጡት?» አለችኝ፣ እኔም ሻጮቹን መጠየቅ ምፈልገው ይሄንኑ ነው።

እዚ ጋ ግን ሚዛኑን እንዳልስት፣ እንጀራ እርሾ ስላልሆነ ጥቅም የለውም አይባልም። የቢፊዶባክቴሪየም ላይሴት፣ ማለትም ዝርዝሩ ላይ ቢፊዳ የሚለው አይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት 66 ቶሎ ሚቆጣ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ላይ 10 ፐርሰንት ያለበት ክሬም ሆኖ ለሁለት ወር ተሞክሮ የቆዳቸው መቆጣት ቀንሷል። ጥናቱ ውስጥ የላንኮም ባለቤት የሆነው የሎሬያል ተመራማሪዎች አሉበት፣ ሻጩ የራሱን እቃ ሲያጠና በጥንቃቄ ነው ሚነበበው፣ ግን ከተነበበም የተጠናው ቶሎ ሚቆጣ ቆዳ እንጂ ብጉር አደለም። ማሸጊያው ላይ ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ነው ሚጽፉት።

አሁን ስለ ብጉሩ ባክቴሪያ። ስሙ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ ነው፣ እስከ 2016 ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክነስ ነበር ሚባለው፣ የድሮ መጽሐፍ ላይ በሱ ስም ነው ምታገኙት። ወዝ ይወዳል፣ ፀጉር ሚበቅልባት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነው ሚኖረው፣ እና ብጉር ያለበትም የሌለበትም ሰው ፊት ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ብጉር ካለባቸው 49 ሰዎችና ከሌለባቸው 52 ሰዎች አፍንጫ ላይ በሚለጠፍ ስትሪፕ የቀዳዳውን ቆሻሻ አውጥቶ ሲያየው ሁለቱም ጋ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ይሄው ባክቴሪያ ነው፣ ብዛቱ አደለም የለያቸው፣ ዘሩ ነው። አንዳንዱ ዘር ብጉር ያለባቸው ላይ ይበዛል፣ አንዳንዱ ደሞ ጥርት ያለ ፊት ላይ ነው ሚገኘው። እኔ ይሄን ሳነብ ለአመታት ፊቴን ስፈትግ የነበረው ነገር ሁሉ ነው የታየኝ። ቆሻሻ ስለሆንኩ አልነበረም እኮ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 5 አካባቢ ነው፣ አሲዳማ ነው፣ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ነው፣ ሎሚ ደሞ ወደ 2። እኔ ፊቴን በቀን አራት ጊዜ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ማታ ደሞ ወደ ሌላው ጫፍ ስጎትተው ነበር፣ ከዛ ለምን ተቆጣ ብዬ አለቅሳለሁ። ማይክሮባዮም ሚባለው ቆዳችን ላይ ሚኖረው የባክቴሪያ፣ የፈንገስ፣ የቫይረስ ሰፈር ነው፣ ሰፈሩን መጠበቅ ከፈለጋችሁ ሴረም ከመግዛታችሁ በፊት ሳሙናውን መቀየር ይቀድማል፣ ሽታ የሌለው፣ ፒኤቹ 5.5 አካባቢ የሆነ ለስላሳ ክሌንዘር፣ በቀን ሁለቴ፣ በቃ።

ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ፊት ላይ መቀባት ጭራሽ አይቻልም ወይ ካላችሁ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ማዘር ደርት ሚባል ኩባንያ ናይትሮሶሞናስ ሚባል ከአፈር የተገኘ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ስፕሬይ ያለ ፕረዘርቫቲቭ ይሸጥ ነበር፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የተባለ። ቤልጅየም አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ደሞ ላክቶባሲለስ ሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎችን ጥቃቅን ካፕሱል ውስጥ አድርገው ክሬም ሰርተው ቀላልና መካከለኛ ብጉር ያለባቸው ሰዎች ላይ ሞክረው የቀነሰላቸው መሆኑን በ2022 አሳትመዋል። ተስፋ አለው፣ እኔም ከልቤ ነው ምከታተለው። ግን ያ ካፕሱል ሌላ፣ ቦሌ ፀሐይ ሚያርፍበት መስታወት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ያየሁት ጠርሙስ ሌላ።

ወደ ሙከራዬ ልምጣ። ቀኝ ግማሽ ፊቴን ሴረሙን፣ ግራውን ምንም፣ ሌላው ሁሉ አንድ አይነት፣ ያው ክሌንዘር፣ ያው ሞይስቸራይዘር፣ ያው ሰንስክሪን። የመጀመሪያ 4 ሳምንት ሌላ መድኃኒት አልተቀባሁም፣ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ግን በፊት ፊቴን ስላስላጠኝ ያቆምኩትን አዳፓሊን ሚባል የብጉር መድኃኒት፣ 0.1 ፐርሰንት ጄል፣ ማታ ማታ ሁለቱም ጎን ላይ ጀመርኩ። እሁድ እሁድ ጠዋት 2 ሰአት ላይ መታጠቢያ ቤት መስኮት ጋ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ መብራት ሳላበራ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዛ በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ጥቁር ነጥቡን አደለም፣ ያበጠውንና ነጭ ጫፍ ያለውን ብቻ።

ስጀምር ቀኝ 11፣ ግራ 12። በ4ኛው ሳምንት ቀኝ 10፣ ግራ 12። በ8ኛው ሳምንት ቀኝ 6፣ ግራ 6። የአንድ ሰው ፊት ጥናት አይባልም አውቃለሁ፣ ግን ለኔ ግልጽ ነው፣ ሴረሙ ብቻውን ወር ሙሉ ምንም ሚባል ለውጥ አላመጣም፣ ቁጥሩን በግማሽ ያወረደው አዳፓሊኑ ነው፣ ሴረም ባልነካው ጎንም እኩል ወርዷል።

ታዲያ ምንም አልሰራም? ሰርቷል፣ ሌላ ቦታ ላይ። አዳፓሊን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ግራ ጎኔ ከአፌ ዳርና ከአፍንጫዬ ክንፍ ስር መፈርፈር ጀመረ፣ ስስቅ ይወጠራል፣ ሰንስክሪን ስቀባ ይቆጠቁጠኛል። በፊት እዚች ነጥብ ላይ ነበር ሁልጊዜ ማቆመው። ቀኝ ጎኔ ግን በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ያለ ነበር፣ ቆጥቆጥ ሚለው ሁለት ቀን ብቻ ነው። እህቴን አይኗን ጨፍና ሁለቱንም ጉንጬን እንድትዳስስ አደረኳት፣ የትኛው ላይ ምን እንደቀባሁ አታውቅም፣ ወዲያው «ይሄኛው ይሻላል» ብላ ቀኙን ያዘች። ጠይም ቆዳ ላይ መቆጣት እንደ ፈረንጅ ቀልቶ አይታይም፣ ጠቆር ይላል፣ ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ ስለዚ በአይን ብቻ አትፍረዱ፣ በእጅ ዳስሱት። ቆዳ ባልተቆጣ ቁጥር ደሞ ጥቁር ነጥቡም ይቀንሳል፣ ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አደለም።

ግን እዚም ላይ ሐቀኛ ልሁን። ያለሰለሰው ባክቴሪያው ነው ወይ? ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩት፣ ግሊሰሪን አለ፣ ናያሲናማይድ አለ፣ ፓንቴኖል አለ። ሶስቱም ቆዳን በማለስለስና በማጠንከር ከታወቁ ቆይተዋል፣ ሶስቱም ርካሽ ናቸው። እኔ ሙከራውን ስጨርስ ናያሲናማይድና ፓንቴኖል ያለበት ተራ ሞይስቸራይዘር ከፋርማሲ በ1,100 ብር ገዝቼ በሁለቱም ጎን ቀጠልኩ፣ አሁን ሶስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ግራው ጎንም መፈርፈሩን አቁሟል። ስለዚ 2,700 ብሩ «ፕሮባዮቲክ» ለሚለው ቃል የተከፈለ ነው ሚመስለኝ።

ስለ ሴረሙ አካሄድ ለሚጠይቁ፣ ውሃ መሰል ነው፣ ሶስት ጠብታ ለግማሽ ፊት ይበቃል፣ ቶሎ ይገባል፣ አያብረቀርቅም፣ ሽቶ የለውም፣ ከሱ በኋላ ሰንስክሪን ሲቀባ አይንከባለልም። ጠርሙሱ ጥቁር ሆኖ ማንጠብጠቢያ ያለው ነው። ከዚ አንጻር ጥሩ እቃ ነው። ሻጯም በሰአቷ ነው ያስረከበችኝ፣ ካርቶኑ የታሸገ ነበር፣ ጊዜው አላለፈም፣ እዛ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ «ምንም አትቀቢ» ያለችው ላይ ነው። ማታ ላይ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ «እህቴ መድኃኒት የሚጠቀም ሰው እንዳያቆም ንገሪልኝ» ብያት እሺ ብላኛለች።

አንድ ልረሳው የነበረ ነገር፣ በሶስተኛው ሳምንት ግንባሬ ላይ ከፀጉሬ መስመር ስር ትናንሽ እኩል እኩል የሆኑ ሽፍታዎች ወጡብኝ፣ ሁለቱም ጎን ላይ። መጀመሪያ ሴረሙን ጠረጠርኩ፣ ግን ግራው ላይ ሴረም የለም። ለካ የበአል ሰሞን ስለነበር ፀጉሬን ለጋ ቅቤ ተቀብቼ፣ በሻሽ አስሬ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ፣ ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ግንባሬ ላይ ወርዷል። ፀጉር ላይ በሚቀባ ቅባት ምክንያት ግንባር ላይ ሚወጣ ብጉር እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ስም ተሰጥቶታል፣ ፖሜድ አክኔ ይባላል። ቅቤ ተዉ አልልም፣ ለፀጉር ደስ ይላል፣ እናቴም አትሰማኝም። ግን ከፀጉራችሁ መስመር ሁለት ጣት ወደ ኋላ ጀምሩ፣ ስትተኙ በፎጣ ጠቅልሉት፣ ጠዋት ግንባራችሁን በክሌንዘር ታጠቡ። ሚያሳክክና ሁሉም እኩል መጠን ያለው ሽፍታ ከሆነ ደሞ ማላሴዚያ ሚባል ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ወዝና ቅባት ነው ምግቡ፣ የብጉር መድኃኒት አያድነውም፣ ሐኪም ማየት አለበት።

ማን ይግዛው ላላችሁኝ፣ አዳፓሊን ወይ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሚባለውን ሌላ የብጉር መድኃኒት እየተጠቀማችሁ ፊታችሁ ሚላጥባችሁ ከሆነና ገንዘቡ ማይከብዳችሁ ከሆነ አይጎዳችሁም፣ ያግዛችኋል። ብጉር ያጠፋልኛል ብላችሁ ከሆነ አትግዙት፣ በዛ ብር ክሌንዘር፣ አዳፓሊንና ሰንስክሪን ይገዛል፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ያለ ሰንስክሪን ጥቁር ነጥብ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን በቀጥታ ይገድላል፣ ባክቴሪያው አንቲባዮቲክን እንደሚለምድ ደሞ እሱን አይለምደውም፣ ለዛ ነው ሐኪሞች ክሊንዳማይሲን ሚባለውን አንቲባዮቲክ ብቻውን እንዳትቀቡ ሚሉት። ጨርቅ ግን ያነጣል፣ የነጠላዬ ጥለት አንዱ ጫፍ አረንጓዴው ጠፍቶ ገርጥቷል፣ ስትቀቡት አሮጌ ፎጣ ተጠቀሙ። እርጉዝ የሆናችሁ ወይ ለመውለድ ያሰባችሁ አዳፓሊን አትንኩ፣ ሐኪም ጠይቁ። ሚያም፣ ጠለቅ ያለ፣ ጠባሳ ሚተው ብጉር ያለባችሁ ደሞ ከኔም ከሻጭም ምክር ሳትጠብቁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አለርት ሆስፒታልም የቆዳ ክፍል አለ።

ጠርሙሱ ውስጥ ሩብ ያህል ቀርቶ ነበር፣ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ እሷም አዳፓሊን ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ትላንት ማታ አገጯን አሳየችኝ፣ ገና ትንሽ ይፈረፈራል፣ ጠዋት ጠዋት እሷም መስኮቱ ጋ ፎቶ ማንሳት ጀምራለች።